የውጭ አገር እደ ጥበባትን በአማርኛ ስለ መሰየም

መንገደኛ ከሩቅ አገር ሲመለስ ይዞ ከሚመጣቸው ነገሮች መካከል የአገሬው ባለ እጆች የሠሯቸው ዕቃዎች ዋነኞቹ ናቸው። ጨርቁ፣ ሸክላው፣ ስፌቱ፣ የብረቱና የነሐሱ ሥራ በገበያና በሙዚየም ይታያል፤ ይገዛል፤ ይጻፍለታል። ከዚህ የተነሣ የጉዞ መጻሕፍት፣ የሙዚየም መግለጫዎችና የዐውደ ርእይ ዝርዝሮች ወደ አማርኛ በሚመለሱበት ጊዜ ተርጓሚው ሁለት ጥያቄዎች ይቀርቡለታል። አንደኛው ዕቃውን ምን ብሎ መጥራት እንደሚገባው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ዕቃው የተሠራበትን አሠራር በየትኛው ግሥ መግለጽ እንዳለበት ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ማግኘት እምብዛም አያስቸግርም፤ የባዕዱን ስም በፊደላችን መጻፍ ይቻላልና። ሁለተኛው ግን የራሳችንን ቋንቋ ጠንቅቆ ማወቅን ይጠይቃል።

በዚህ ጽሑፍ ከልዩ ልዩ አገሮች የታወቁ እደ ጥበባትን በምሳሌነት እየወሰድን ስለ አሰያየማቸው የሚታየንን እናቀርባለን። በመጨረሻም ለተርጓሚዎች ይጠቅማሉ ያልናቸውን ጥቂት ቃላት ከነፍቻቸው እንዘረዝራለን።

፩. «እደ ጥበብ» የሚለው ስም

«እደ ጥበብ» ከግእዝ የተወረሰ ጥምር ስም ነው፤ «እድ» እጅ ማለት ሲሆን «ጥበብ» ዕውቀትንና ብልኀትን ያመለክታል። በአማርኛ ግን «ጥበብ» ሌላም ትርጉም አለው። ሸማኔ በልብስ ጠርዝ ላይ በቀለም ክር የሚያወጣው ጌጥ ጥበብ ይባላል፤ «ጥበብ ቀሚስ» የሚለውም ስም ከዚሁ የመጣ ነው። አንድ ቃል የሊቁን ዕውቀትና የሸማኔውን ጠርዝ በአንድነት መያዙ የአማርኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። የላቲኑ «አርስ» እና የግሪኩ «ቴክኔ» የእጅ ሙያንም፣ ዛሬ ኪነ ጥበብ የምንለውንም ያጠቃልሉ ነበር።

ሁለቱ በስም ከተለያዩ በኋላ ለእጅ ሥራው ክብሩን ለመመለስ አዲስ ቃል የፈጠሩም አሉ። በጃፓን ያናጊ ሶኤትሱ ከሸክላ ሠሪዎቹ ከሐማዳ ሾጂና ከካዋይ ካንጂሮ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1925 «ሚንጌይ» የሚለውን ቃል አወጣ። ቃሉ የሕዝብ የእጅ ጥበብ የሚል ፍቺ ያለውን ረዘም ያለ ሐረግ በማሳጠር የተገኘ ነው። ስሙ ያልታወቀ ሠሪ ለዕለት አገልግሎት ያበጀው ጎድጓዳ ሳሕን ውበት እንዳለው ለማስገንዘብ ታስቦ የተፈጠረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1936 በቶኪዮ በዚሁ ስም የሚጠራ ሙዚየም ተከፍቷል። እንግዲህ «ሚንጌይ»ን «እደ ጥበብ» ብቻ ብሎ መተርጎም የቃሉን ግማሽ መጣል ነው፤ «ሕዝባዊ እደ ጥበብ» ቢባል ይቀርበዋል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ «ጥንታዊ» የሚለው ቅጽል ያለ ቦታው ሲገባ እናያለን። ዛሬ በሕይወት ያለች ሴት ከእናቷ ተምራ የምትሠራው ሸክላ ሙያው የቆየ ነው እንጂ ዕቃው ጥንታዊ አይደለም። ለሙያው «ነባር» ወይም «ባህላዊ» ማለት ይበቃል፤ «ጥንታዊ» ዕድሜው ለተረጋገጠ ዕቃ ቢጠበቅ ይሻላል።

፪. መስፋት፣ መታታትና መሸመን

በእንግሊዝኛ የቅርጫት ሥራ ሁሉ በሽመና ግሥ መጠራቱ የተለመደ ነው። ያንን ተከትሎ «የተሸመነ መሶብ» ብሎ መጻፍ ግን አማርኛው የለየውን መልሶ ማደባለቅ ነው። ሽመና ድርና ማግ ይፈልጋል፤ የተወጠረው ድር እየተከፈተ ማጉ በመወርወሪያ ውስጥ ባለው ቀሰም ላይ እየተፈታ ያልፍበታል። በመሶብ ሥራ ድርም ማግም የለም። ሠሪዋ የሣሩን ጥቅል በራሱ ላይ እያዞረች፣ አዲሱን ዙር ከቀደመው ዙር ጋር በወስፌ እየወጋች ታያይዘዋለች። ስለዚህ ግሡ መስፋት፣ ሥራውም ስፌት ነው።

ይህ አሰያየም የእኛ ብቻ አለመሆኑን ማወቅ ለተርጓሚ ይጠቅማል። በአሜሪካ በደቡብ ካሮላይና ጠረፍ የሚኖሩት፣ ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱት ሰዎች ተወላጆች የሆኑት የጉላ ሕዝቦች ከጣፋጭ ሣርና ከዘንባባ ቅጠል ቅርጫት ይሠራሉ፤ የሥራው ባለቤቶችም ቅርጫት «እንሰፋለን» ይላሉ። መጽሐፉ ጋዜጠኛው እንደጻፈው «ሸመኑ» ቢልም እንኳ፣ በአማርኛ «ሰፉ» ብሎ የተረጎመ ሰው ለሠሪዎቹ አነጋገር የቀረበ ነው። የሩዋንዳው ክዳነ ሾጣጣ «አጋሴኬ»ም በዚሁ ዐይነት አሠራር የሚሰፋ ስለሆነ ሙዳይ ለሚያውቅ አንባቢ ሥራውን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም።

የቀርከሃ ቅርጫትና የዘንባባ ሰሌን ግን በዚህ መንገድ አይሠሩም። ስንጥቁ ወይም ቅጠሉ አንዱ በአንዱ ላይና ሥር እየተሻገረ ይያያዛል፤ ለዚህ አማርኛ የጠፍር አልጋ ሲሠራ የምንሰማው «ታታ» የሚል ግሥ አለው። «የፓናማ ባርኔጣ» የሚባለው በመላው ዓለም የታወቀ ባርኔጣ የሚታታ ነው። ስሙም መንገደኛን የሚያሳስት ነው፤ ባርኔጣው የሚሠራው ቶኪያ ከተባለ ተክል ቅጠል በኤኳዶር ሲሆን፣ ፓናማ የተሸጠበትና የታየበት ቦታ ናት። የአታታቱ ሙያ እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ የገባው በኤኳዶር ስም ነው። ተርጓሚው የተለመደውን ስም ሊያስቀር ይችላል፤ አገሩን ግን አብሮ መጥቀስ አለበት።

በምንጣፍ ረገድም እንዲሁ ነው። የቱርኩ ኪሊም ፀጕር የሌለው፣ በድርና በማግ ብቻ የሚሸመን ነው። ስጋጃ በድሩ ላይ አጫጭር ክሮች አንድ በአንድ እየተቋጠሩ ፀጕር የሚወጣለት ነው። ሁለቱንም «ምንጣፍ» ብሎ ማለፍ ስሕተት ባይሆንም፣ አንዱ በሌላው ምትክ እንዲገዛ በር ይከፍታል።

፫. ማቅለም፤ ቀለም እንዳይገባ በመከለል

ጨርቅን በቀለም ነክሮ ማውጣት በአማርኛ «መንከር» እና «ማቅለም» ይባላል። በብዙ አገሮች የታወቁት ጌጠኛ ጨርቆች የሚሠሩት ግን ቀለሙ ሊደርስበት የማይፈለገውን ስፍራ አስቀድሞ በመከለል ነው። ለዚህ አጠቃላይ አሠራር «ከልሎ ማቅለም» የሚለውን ሐረግ እናቀርባለን፤ የሚከልለውም ነገር እንደየአገሩ ይለያያል።

በጃቫ የሚከለለው በሰም ነው። ሠሪዋ የቀለጠውን ሰም ከናስ በተሠራ ባለ አፍ ትንሽ ዕቃ እየቀዳች በጨርቁ ላይ ትስላለች፤ ጨርቁ ይነከራል፤ ሰሙም በፈላ ውኃ ይለቀቃል። ይህ ባቲክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። የመሣሪያው ስም በኢንዶኔዥያ አጻጻፍ በላቲኑ ሦስተኛ ፊደል ስለሚጀምር «ካንቲንግ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ በዚያ ቋንቋ ግን ያ ፊደል ዘወትር «ች» ተብሎ ይነበባል። ስለዚህ «ቻንቲንግ» ብሎ መጻፍ ይገባል፤ ሰሙ የሚታተምበትም ማኅተም «ቻፕ» ነው። የባዕድ ስም ወደ ፊደላችን የሚገባው ከባለቤቱ አፍ እንጂ በሌላ ቋንቋ በኩል ባይሆን ይመረጣል፤ ፊደላችን «ች»ን ለመጻፍ የሌላ ቋንቋ ርዳታ አያሻውም። በሜክሲኮ ጥቁር ሸክላ የሚሠራበት አውራጃም በዚሁ ምክንያት «ዋሃካ» ነው።

በደቡብ ምዕራብ ናይጄሪያ የዮሩባ ሴቶች ጨርቁን ቋጥረው በኢንዲጎ ይነክራሉ፤ ስሙ «አዲሬ» ነው፤ ማሰርና መንከር ከሚሉ ሁለት ግሦች የተገኘ ነው። በኋላ ግን በቋጠሮ ፈንታ የካሳቫ ገንፎ እየቀቡ መከለል በመጣ ጊዜ ስሙ ሳይለወጥ «አዲሬ ኤሌኮ» ተባለ። እዚህ ላይ የቃሉን ሥር ብቻ ይዞ «ታስሮ የተነከረ» ብሎ መተርጎም ያልታሰረውን ታሰረ ማለት ይሆናል። ሥርወ ቃል መንገዱን ያሳያል፤ ፍቺውን የሚወስነው ግን ዛሬ የሚሠራው ሥራ ነው።

በኢንዶኔዥያና በመካከለኛው እስያ ደግሞ የሚቋጠረው ጨርቁ ሳይሆን ገና ያልተሸመነው ክር ነው። የማላይኛው «ኢካት» ማሰር ማለት ነው። በኡዝቤኪስታን በማርጊላን ከተማ የሚሠራው የሐር ጨርቅ አቀላለም «አብርባንዲ» ይባላል፤ ከፋርስኛ «አብር»፣ ማለትም ደመና፣ የመጣ ሆኖ ደመና ማሰር እንደ ማለት ነው። ክሮቹ ሲሸመኑ የቀለሙ ዳርቻ ጥቂት ስለሚዛነፍ ጌጡ እንደ ደመና ጠርዙ የደበዘዘ ሆኖ ይታያልና ስሙ ተስማሚ ነው። በሕንድ በጉጃራት የሚሠራው የፓታን ፓቶላ ድሩም ማጉም አስቀድመው የሚቋጠሩለት በመሆኑ ከሁሉ የበለጠ ድካም ይጠይቃል። ለእነዚህ ሁሉ «ክር ቋጥሮ ማቅለም» ማለት ይቻላል፤ የተሸመነው ጨርቅ ሲቋጠር ደግሞ «ጨርቅ ቋጥሮ ማቅለም»።

የማሊው «ቦጎላንፊኒ» በባምባራ ቋንቋ ከጭቃ፣ ከ«በ» ዓይነት መስተዋድድና ከጨርቅ የተጣመረ ስም ነው፤ በጭቃ የተሠራ ጨርቅ እንደ ማለት። ጨርቁ በቅድሚያ በቅጠል ውኃ ይነከራል፤ ኋላም ብረት ያዘለ ጭቃ ይቀባል፤ የቅጠሉ መራራ ንጥረ ነገር ከብረቱ ጋር ሲገናኝ ይጠቍራል። የስሙ ፍቺ ግልጽ ስለሆነ «ቦጎላንፊኒ፣ የጭቃ ጨርቅ» ብሎ ሁለቱንም በአንድነት መጻፍ ለአንባቢ በቂ ነው።

፬. ቋንቋው ያላቸው፣ ተርጓሚው የረሳቸው

የነሐስና የወርቅ ሥራ በሚነገርበት ጽሑፍ አንድ አሠራር ደጋግሞ ይመጣል። ሠሪው ቅርጹን በሰም ያበጃል፤ በሸክላ ዐፈር ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያጋልው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ባዶ በቀረው ስፍራ የቀለጠው ብረት ይፈስበታል። የናይጄሪያዋ የቤኒን ከተማ የኢጉን አንጥረኞች፣ የጋናዎቹ የአሻንቲ የወርቅ መመዘኛ ሠሪዎች፣ በሕንድም ዶክራ የሚባለው ሥራ ባለሙያዎች ይህን አሠራር ያውቃሉ። በአውሮፓ ቋንቋዎች «የጠፋ ሰም» ስለሚባል በአማርኛም በዚሁ ቃል በቃል ሲጻፍ ይታያል። ነገር ግን በየትኛውም የቅኔ ጉባኤ የዋለ ተማሪ ሰሙ የላይ ልባስ፣ ወርቁ የውስጥ ምሥጢር መሆኑን ያውቃል፤ ይህም ምሳሌ ከወርቅ አንጥረኛ ሥራ የተወሰደ ነው። ለአሠራሩ «በሰም ቅርጽ ማፍሰስ» ብንል ግልጽ ይሆናል፤ የሰምና የወርቅን ነገር በማስታወስ ማብራራትም አንባቢውን ከሚያውቀው ወደማያውቀው ይወስደዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ «ማሟሸት» ነው። አዲስ ምጣድ ወይም ድስት ለሥራ ከመዋሉ በፊት በጎመን ዘር ወይም በሌላ ቅባት ነገር ይሟሻል። በሜክሲኮ የሸክላ ምጣዱን «ኮማል» በኖራ ውኃ እየቀቡ ለሥራ ያዘጋጁታል፤ በቻይናም አዲሱን የብረት መጥበሻ በእሳትና በስብ አለማምዶ መጀመር የተለመደ ነው። የሚቀባው ነገር ይለያይ እንጂ የሥራው ዐላማ አንድ ስለሆነ፣ «አዘጋጀ» ወይም «አከመ» ከማለት «አሟሸ» ማለት ትክክል ነው። ዘፋኝም ድምፁን ያሟሻል፤ ቃሉ ከጓዳ ወጥቶ ወደ መድረክ የሄደ ሕያው ቃል ነው።

በአንጻሩ አቻ የሌላቸውም አሉ። የአገራችን ሸክላ ሠሪዎች ዕቃውን በእጅ አንሥተው በጠጠር ፍቀው ያለሰልሳሉ እንጂ መስተዋት የሚመስል ልባስ አይቀቡትም። ስለዚህ የቻይናና የፋርስ ሸክላን ለመግለጽ «መስተዋታዊ ልባጥ» የሚል ገላጭ ሐረግ ያስፈልጋል። የጃፓኑ «ኡሩሺ»ም ከዛፍ ከሚቀዳ ሙጫ የሚዘጋጅ የተለየ ቅብ በመሆኑ ስሙን እንዳለ መያዝ ይሻላል።

፭. የሠሪው ስም

በአማርኛ የባለ እጆች ስሞች ከግሦቻቸው የተገኙ ናቸው፤ የሚቀጠቅጥ ቀጥቃጭ፣ የሚፍቅ ፋቂ ነው። «ጠይብ»ም የ«ጠቢብ» ወንድም ነው። ይሁን እንጂ ኅብረተሰቡ በሙያው ላይ የጫነው ንቀትና ጥርጣሬ በስሞቹ ላይ ስለተጋገረ፣ ትክክለኛ የሙያ ስሞች ስድብ ሆነው ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን በሙያቸው ስም መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸው ችግሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ያሳያል።

ይህ ለተርጓሚ ተጨባጭ ችግር ነው። በማሊ በማንዴ ሕዝቦች ዘንድ አንጥረኛው «ኑሙ» ይባላል፤ ሚስቱም ብዙውን ጊዜ ሸክላ ሠሪ ናት። ኑሙ ከሌላው ወገን የማይጋባ፣ የሚፈራም የሚከበርም ነው፤ ሽማግሌ ሆኖ ጠብ ያበርዳል፤ ሥርዐት ይፈጽማል። «ቀጥቃጭ» ብለን ብንተረጉመው የእኛን ንቀት በእርሱ ላይ እንጭናለን፤ «የብረታ ብረት ባለሙያ» ብንለው ደግሞ ከፋብሪካ ሠራተኛ ጋር እናመሳስለዋለን። የእኛ አስተያየት ስሙን «ኑሙ» ብሎ አስቀርቶ «ብረት ሠሪ» በሚል መፍታት ይበጃል የሚል ነው። ግሦቹን ግን መተው አይገባም፤ መቀጥቀጥ፣ መፋቅ፣ ማልፋት፣ ማንጠር ምንም ነውር የሌለባቸው የሥራ ቃላት ናቸው። ሰውን ከስድብ ለማዳን ሲባል የሥራውን ቃል መግደል ሙያውን ያለ ቋንቋ ያስቀረዋል።

፮. ስምና ዋጋ

እስካሁን ያነሣነው ሁሉ የቃላት ምርጫ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ስያሜው የባለ እጁን እንጀራ ይነካል። ኢንዶኔዥያውያን በቻንቲንግ የተሠራውን «ባቲክ ቱሊስ»፣ በማኅተም የተሠራውን «ባቲክ ቻፕ» ብለው ይለያሉ። «ቱሊስ» መጻፍ ማለት ስለሆነ የመጀመሪያው በእጅ የተጻፈ ባቲክ ነው። በማሽን የባቲክ መልክ የታተመበት ጨርቅ ሰም ስላልነካው በእነርሱ ዘንድ ከሁለቱም አይቈጠርም። ተርጓሚው ሦስቱንም «ባቲክ» ብሎ ቢጽፍ፣ ሳምንታት የፈጀውን ሥራ በደቂቃ ከታተመው ጋር በአንድ ዋጋ አስቀመጠ ማለት ነው። በኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በፋብሪካ እየታተመ ወደ ምዕራብ አፍሪካ የተሸጠው ጨርቅ የጃቫን ባቲክ በማስመሰል የተጀመረ መሆኑ፣ ዛሬ ደግሞ «የአፍሪካ ጨርቅ» በሚል ስም መታወቁ፣ ስም ከአሠራር ተነጥሎ ምን ያህል ርቆ ሊሄድ እንደሚችል ያሳያል።

የጋናው ኬንቴ ሌላ ማስረጃ ነው። እንደ መቀነት የጠበቡ ረጃጅም ሽመናዎች ጎን ለጎን ተሰፍተው ሰፊ ልብስ ይሆናሉ፤ ሙያው እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ መዝገብ ተመዝግቧል። የኬንቴ መልክ የታተመበት ጨርቅ ግን በየገበያው አለ፤ ስለዚህ «ኬንቴ» እና «የኬንቴ ሕትመት» ተለይተው ሊጻፉ ይገባል።

ሕንዳውያን ከዚህም ዘልቀው ለይተዋል። «ካዲ» የሚባለው በእጅ የተፈተለና በእጅ የተሸመነ ሲሆን፣ በፋብሪካ ክር በእጅ የተሸመነው በሌላ ስም ይጠራል። ይህ ወደ ራሳችን ገበያ ያደርሰናል። ዛሬ ብዙ ሸማኔ ድሩን ከፋብሪካ ክር አድርጎ ማጉን በእጅ በተፈተለ ይሠራል፤ ሙሉ በሙሉ በፋብሪካ ክር የሚሠራም አለ፤ የጥበብ መልክ ብቻ የታተመበት ጨርቅም ይሸጣል። ሁሉንም «የሀገር ልብስ» የሚለው ስም ይሸፍናቸዋል። ጥጡን ዳምጣ፣ በደጋን ነድፋ፣ ባዘቶውን አመልማሎ አድርጋ በእንዝርት የምትፈትለው ሴት ድካም በስሙ ውስጥ ቦታ የለውም። እነዚህ ቃላት ከገበያው ከጠፉ ገዢው ልዩነቱን የሚጠይቅበት አፍ አይኖረውም። ካዲን ለመተርጎም «በእጅ የተፈተለ» እና «በእጅ የተሸመነ» የሚሉትን የምንፈልግ ከሆነ፣ ለራሳችን ፈታይና ሸማኔም እነዚሁን ልንነፍጋቸው አይገባም።

፯. የቀረቡ ቃላት

ነባር እደ ጥበብ፤ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲወርድ የመጣና ዛሬም የሚሠራ የእጅ ሙያ።

ሕዝባዊ እደ ጥበብ፤ ለዕለት አገልግሎት የሚውል፣ ሠሪው በስም ያልታወቀ የእጅ ሥራ፤ ለጃፓኑ «ሚንጌይ» አቻ።

መስፋት (ለስፌት ሥራ)፤ የሣር ጥቅልን እያዞሩ ዙሩን ከዙሩ ጋር በወስፌ ማያያዝ።

መታታት፤ ስንጥቅን፣ ቅጠልን ወይም ጠፍርን ላይና ሥር እያሻገሩ ማያያዝ።

ኪሊም፤ ፀጕር የሌለው፣ በድርና በማግ የሚሸመን ምንጣፍ።

ስጋጃ፤ ክር እየተቋጠረ ፀጕር የሚወጣለት ምንጣፍ።

ከልሎ ማቅለም፤ ቀለም እንዳይነካው የሚፈለገውን ስፍራ በሰም፣ በገንፎ ወይም በቋጠሮ ሸፍኖ መንከር።

ክር ቋጥሮ ማቅለም፤ ክሩን ከመሸመኑ በፊት እየቋጠሩ መንከር፤ ኢካት።

ጨርቅ ቋጥሮ ማቅለም፤ የተሸመነውን ጨርቅ እየቋጠሩ መንከር።

በሰም ቅርጽ ማፍሰስ፤ በሰም የተሠራን ቅርጽ በዐፈር ለብጦ፣ ሰሙን አቅልጦ በማውጣት በቦታው የቀለጠ ብረት፣ ነሐስ ወይም ወርቅ ማፍሰስ።

ማሟሸት፤ አዲስ ምጣድን፣ ድስትን ወይም መጥበሻን በእሳትና በሚቀባ ነገር ለሥራ ማለማመድ።

መስተዋታዊ ልባጥ፤ በሸክላ ላይ ተቀብቶ በእሳት ኃይል እንደ መስተዋት የሚሆን ልባስ።

ዝርዝሩ የመጨረሻ አይደለም። የሽመናው ቤት፣ የአንጥረኛው ምድጃና የሸክላ ሠሪዋ ደጃፍ ገና ያልተመዘገቡ ብዙ ቃላት ይዘዋል። ተርጓሚ ስለ ባዕድ አገር እደ ጥበብ የሚጽፈውን ከመጨረሱ በፊት በአቅራቢያው ካለ ባለ እጅ ዘንድ ሄዶ «ይህን ስትሠሩ ምን ትላላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ትርጉሙም ይቃናል፤ መዝገበ ቃላቱም ይበለጽጋል። አንባቢያን በየአካባቢያቸው የሚሰሙትን የሙያ ቃል ከአገባቡ ጋር መዝግበው ቢያቀርቡልን በደስታ እንቀበላለን።